የእቴቴ አፍ

«እቴቴ ጥርሷን አስነቀለች አሉ፤ ያውም ሙልጭ አድርጋ።» የእቴቴ ወንድም ሚስት ይህን ወሬ በዚያ ሳምንት ለስንት ሰው እንዳወራችው ራሷም አታውቀውም። መጀመሪያ ለባሏ አወራችው፤ ባሏ የቴሌቪዥኑን ድምፅ ከፍ አደረገ። ቀጥላ ለፀጉር ሠሪዋ፣ ለልጇ አስተማሪ፣ መብራት ልትከፍል ተሰልፋ ከፊቷ ለቆመች ለማታውቃት ሴት አወራችው። ወሬ እንደ ሊጥ ነው፤ ባደረ ቁጥር ይነፋል። ሰኞ ሁለት መንጋጋ የነበረው ረቡዕ ግማሽ አፍ ሆነ፣ አርብ ላይ ሙልጭ። የማትለወጠው መጨረሻ ላይ የምትቀጥላት ጭራ ብቻ ናት፤ «የገዛ እህቷ ልጅ ጥርስ ሐኪም ሆና እያለች።» ቤተሰቡ ይህችን ሴት «አሉ» ብሎ ነው የሚጠራት። ያላየችውን አይታ፣ ያልሰማችውን ሰምታ ታወራና ስትያዝ ሁሉንም «አሉ» በሚባሉ ስም የለሽ ሰዎች ላይ ጥላ እንደ ነጭ ወረቀት ንጹሕ ሆና ትወጣለች።

ቅዳሜ ጠዋት ወሬው ዞሮ ዞሮ ሐኪሟ ዘንድ ደረሰ። ሐኪሟ በተከራየቻት አንዲት ክፍል ውስጥ፣ ግማሹ የታሸገ ሻንጣ አልጋዋ ላይ አፉን ከፍቶ፣ ጥርሷን እየቦረሸች ነበር።

«ሰማሽ አይደል?» አለቻት ያቺው አሉ በስልክ።

«ምኑን?»

«እኔ አልኩ እንዳትዪ። እቴቴ ጥርሷን አስነቅላለች አሉ።»

«የትኛውን?»

«የትኛውን ትለኛለች እንዴ። ሙልጭ ነዋ። የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል እያለ ነው ሰዉ። እኔማ ‹ልጅቷ ሳትሰማ ቀርታ ነው› እያልኩ አፍ አፋቸውን ስላቸው ነው የሰነበትኩት።»

«ማን ነው የነገረሽ?»

«አሉ ነዋ የኔ እመቤት። ሰው ነው የሚለው።»

ሐኪሟ ስልኩን ዘግታ ብሩሹን እንደያዘች ቆማ ቀረች። በመጪው ወር መጀመሪያ ለሁለት ዓመት ትምህርት ባሕር ማዶ ትሄዳለች፤ ትኬቱ ተቆርጧል፣ ክፍሏም ተከራይ ተገኝቶላታል። ይህን ቅዳሜ ለእቴቴ መሰናበቻ ብላ አስቀድማ የያዘችው ነበር። እቴቴ አክስቷ ብቻ አይደለችም። እናቷ ስትሞት፣ ሐኪሟ ገና ፊደል ያልቆጠረች ልጅ ሳለች ተቀብላ፣ ከራሷ ልጅ ጋር አንድ አልጋ ላይ አስተኝታ ያሳደገቻት ሴት ናት። ለመሰናበቻ ብርድ ልብስ ተገዝቶላት ነበር፤ ብርድ ልብሱ ጥሩ ነው፣ ለስላሳ ነው፣ ነገር ግን ሐኪሟ ባየችው ቁጥር የሆነ ነገር ይጎረብጣት ነበር። ያን ሁሉ ውለታ በብርድ ልብስ? እውነቱ ይነገር ከተባለ፣ ወሬው ልቧን ቢያስደነግጣትም ከድንጋጤው ሥር አንዲት ትንሽ ደስታ ቢጤ ተቀምጣ ነበር። በመጨረሻ እቴቴን የጎደላት፣ በእሷ እጅ ግን ያለ ነገር ተገኘ። ጥርስ ከሆነ የጠፋው፣ ጥርስ ትሠራላታለች። ያን ሳትሠራ አውሮፕላን አትሳፈርም።

ወደ አውቶቡስ ተራ ከመሄዷ በፊት ክሊኒኩ ጎራ አለች። ክሊኒኩ ጫማ መሸጫዎች በሞሉበት ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ሊፍቱ ከተበላሸ ስለቆየ ታካሚ ሁሉ በሁለት ሕመም ነው የሚገባው፣ በጥርሱና በጉልበቱ። መግቢያው ግድግዳ ላይ የዋጋ ሰሌዳ ተሰቅሏል፤ ማጠብ፣ መንቀል፣ መሙላት፣ ነርቭ መግደል እያለ ይወርዳል። ሙሉ ሰው ሠራሽ ጥርስ ከሁሉ ግርጌ ነው የተጻፈው፣ ሰው ከላይ እያነበበ ሲወርድ ልቡም አብሮ እንዲወርድ። ሐኪሟ ከመሳቢያ የአፍ ልክ መውሰጃ ትሪዎችን፣ በውሃ ሲበጠበጥ ደቂቃ ሳይቆይ እንደ ጎማ የሚረጋውን ሮዝ ዱቄት ሁለት እሽግ፣ የጎማ ሳህን፣ ማማሰያና ጄሶ አውጥታ በቦርሳዋ ከተተች። ዛሬ ልኩን ትወስዳለች፣ ሰኞ ለጥርስ ሠሪው ትሰጣለች፣ በሚቀጥለው ቅዳሜ ሄዳ ትሞክርላታለች።

«ለማን ነው?» አለች እንግዳ ተቀባይዋ ጥፍሯን እየሞረደች።

«ለአክስቴ።»

«እኚያ ፌስቡክ ላይ የምታሞግሺያቸው? እሳቸውማ ታድለዋል።»

ታድለዋል መባሉ አልከፋትም። ሐኪሟ አመስጋኝ ናት፤ ምስጋና ከምላሷ አይጠፋም። ሾፌሩን ታመሰግናለች፣ ዘበኛውን ታመሰግናለች፣ ማታ ከመተኛቷ በፊት የዕለቱን ምስጋናዋን ለወዳጆቿ ትለጥፋለች። እቴቴን ለመጠየቅ በሄደች ቁጥር ደግሞ አብረው ፎቶ ይነሳሉ፣ ከሥሩ «ለዚህ ያበቃችኝ» የሚል ጽሑፍ ይገባል፣ ሰውም በልብ ምልክት ያዘንበዋል። እቴቴ ግን ምስጋና ሲቀርብላት ያልጣማት ምግብ የቀረበላት ይመስል ፊቷን ታዞራለች። «አመሰግናለሁ የሚባለው ለባዳ ነው» ትላለች። ሐኪሟ ይህን የትሕትና ወግ አድርጋ ነው የምትወስደው፤ እንዲያውም አንድ ጊዜ ያንኑ አባባል ጽፋ ለጥፋዋለች።

አውቶቡሱ ውስጥ በመስኮት በኩል ተቀምጣ ስልኳን ከፈተችና ፎቶዎቹን ወደ ኋላ መቁጠር ጀመረች። ሙያ ክፉ ነው፤ ሐኪሟ ሰው ስታይ ከዓይኑ በፊት አፉን ነው የምታየው። ትኬት የቆረጠላት ልጅ የፊት ጥርሱ በሲጋራ በልዟል፤ አጠገቧ የተቀመጡት ሽማግሌ የሚያኝኩት በቀኝ ብቻ ነው። ዘመድ ቤት ስትሄድማ ገና ሳትቀመጥ አፍ ይከፈትላታል፤ «እስቲ ይቺን እዪልኝ» እያለ ሁሉም በስልክ መብራት ጉሮሮውን እያበራ ይሰለፋል። ከዚያ ሰልፍ ውስጥ እቴቴ ኖራ አታውቅም። «የእቴቴ ጥርስ ድንጋይ ነው» ይባላል፣ በቃ። አሁን ግን ፎቶዎቹን እያሳለፈች ጥርስ ፈለገች። ባለፈው የጎበኘቻት ጊዜ እቴቴ ሻርፗን እስከ አገጯ ስባለች። ከዚያ በፊት ባለው እጇን አፏ ላይ አድርጋለች፣ የሳቀች መስሏት ነበር ያኔ። ከዚያ በፊት ባለው ከንፈሯን ገጥማ ወደ ጎን ታያለች። ወደ ኋላ፣ ወደ ኋላ ሄዳ የምረቃዋ ዕለት ላይ ስትደርስ ብቻ እቴቴ ጥርሷን አውጥታ ስትስቅ አገኘቻት። አውቶቡሱ ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ሲወጣ ስልኩ ከእጇ ሊወድቅ ምንም አልቀረውም። እኛ ሰዎች ፎቶ የምናነሳው ለማየት አይደለም፣ አየን ለማለት ነው።

የእቴቴ ቤት ሁለት ክፍል ነው። የፊተኛው የልጇ የልብስ ስፌት ነው፤ የተማሪ ዩኒፎርም ተቆልሎ፣ ብርሃን በበሩ ብቻ የሚገባበት። ልጇን የሰፈር ሰው መርፌ ይላታል፤ ሙያዋም ነው፣ ቅጥነቷም ነው፣ ከሁሉ በላይ ግን ምላሷ ነው። ከሐኪሟ በሦስት ዓመት ትበልጣለች። አንዷ ዩኒቨርሲቲ ስትገባ ሌላዋ ከስፌት መኪናው ፊት ተቀመጠች፤ በዚህ ጉዳይ አንድም ቀን ተነጋግረው አያውቁም።

«መጣሽ ዶክተር?» አለች መርፌ እግሯን ከፔዳሉ ሳታነሳ። «አፍ እንክፈት ወይስ ቁጭ በዪ እንበልሽ?»

«እቴቴ አለች?»

«የት ትሄዳለች ብለሽ ነው?»

የጓዳው ክፍል እንደ ድሮው ነው። አልጋው፣ ቁም ሳጥኑ፣ በጨርቅ የተሸፈነው ጠረጴዛ፣ ጠረጴዛው ላይ ደግሞ ከምንም ጋር ያልተገናኘ ጥቁር የስልክ ቀፎ። እቴቴ ዕድሜዋን ሙሉ የአንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት የስልክ ኦፕሬተር ነበረች፤ ጡረታ ስትወጣ ቀፎውን ሰጥተው ሸኟት። «ጤና ይስጥልኝ፣ ማንን ላገናኝዎ?» ስትል ድምፅዋ እንደ ሐር ነበር። አንድ ሥራ አስኪያጅ የድምፁን ባለቤት ሊያይ ከላይኛው ፎቅ ድረስ ወርዶ፣ አይቷት፣ «ይቅርታ፣ ቢሮ ተሳስቼ ነው» ብሎ እንደተመለሰ ራሷ እየሳቀች ታወራ ነበር። ታወራ ነበር። ካቆመች ቆየች። ስልክ ማንሳትም ትታለች፤ «ጆሮዬን ያመኛል» ብላ መልእክት የምትልከው በመርፌ በኩል ነው። ሐኪሟ ይህን ሁሉ እያወቀች፣ አሁን በሩ ላይ ቆማ ሻርፕ የተከናነበችውን ሴት ስታይ፣ ያወቀችው ነገር ሁሉ እንደ ተበተነ የመጽሐፍ ገጽ አንድ ባንድ መገጣጠም ጀመረ።

እቴቴ ተነሥታ ሳመቻት። ሻርፑን በግራ እጇ አፏ ላይ ይዛ፣ ጉንጭ በጉንጭ። ከዚያ ምሳ ቀረበ፤ መርፌ የሠራችው የድንች ሾርባና ዳቦ። እቴቴ እንደ ወትሮዋ «እኔ ቅድም በልቻለሁ» አለች። ሐኪሟ ማንኪያውን ይዛ፣ እንግዳ በመጣ ቁጥር እቴቴ ቅድም የምትበላው ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ለማስታወስ ሞከረች። ስለ ጉዞው ተወራ። ብርዱ ተወራ። ስለ ክፍሉ ኪራይ፣ ስለ ጎረቤቱ አዲስ የውሃ ጋን፣ የዩኒፎርም ጨርቅ እንዴት እንደተወደደ ተወራ፤ የምታወራው መርፌ ናት፣ እቴቴ በቅንድቧ ትስማማለች። ብርድ ልብሱ ተከፈተ። እቴቴ በመዳፏ ዳበሰችው፣ ጥሩ ነው በሚል ራሷን ነቀነቀች፣ አጣጥፋ አልጋው ግርጌ አኖረችው።

«እቴቴ» አለች ሐኪሟ በመጨረሻ፣ «አፍሽን ልየው።»

«አፌን?» አለች እቴቴ ከሻርፑ ሥር። «ምን አጠፋ?»

ልብ ብላ ሰምታው የማታውቀው ድምፅ ነበር። ሐሩ የለም፤ በየቃሉ መሀል ነፋስ ያፏጫል፣ ፊደሎቹ መደገፊያ አጥተው ይንሸራተታሉ። መርፌ ሰሃኖቹን ሰብስባ ወጣች፤ ወዲያው የስፌት መኪናው ጀመረ።

«ሰምቻለሁ እኮ።»

«ያቺ አሉ ነገረችሽ።»

«ማንም ይንገረኝ። ለምን ደበቅሽኝ?»

«ጥርስ ባዳ ነው ሲባል አልሰማሽም? ባዳ ወጥቶ ሄደ ብዬ ላልቅስልሽ?»

ሐኪሟ ሳቀች፤ እቴቴ ግን አልሳቀችም። ከዚያ ወዲያ ልመና ሆነ። ሐኪሟ ቦርሳዋን ከፍታ ዕቃዎቹን ጠረጴዛው ላይ፣ ከስልክ ቀፎው ጎን ደረደረች። አስረዳች። እንደማያም፣ ዱቄቱ የሚረጋው ሳያስቡት እንደሆነ፣ የምትሠራላት ጥርስ ከተፈጥሮው እንደማይለይ ነገረቻት። «ሳልሠራልሽ ብሄድ እዚያ ሆኜ እንቅልፍ አይወስደኝም» አለች። «ድምፅሽ ይመለሳል» አለች። እቴቴ ወለሉን እያየች ሰማቻት። ፀሐይዋ የጎረቤቱን ጣሪያ ተሻግራ በመስኮቱ እስክትገባ ድረስ እንዲህ ተቀመጡ፤ አንዷ እየለመነች፣ አንዷ ዝም እያለች፣ ከመጋረጃው ማዶ የስፌት መኪናው እየሮጠ እየቆመ።

«አይተሽ ዝም የምትዪ ከሆነ እዪ» አለች እቴቴ፣ ወንበሯን ወደ መስኮቱ አዙራ። ሻርፑን ፈታ ጭኗ ላይ አደረገችው። ከንፈሯ ወደ ውስጥ ገብቷል፣ አገጯ ወደ አፍንጫዋ ቀርቧል፤ ሐኪሟ የምታውቀው ፊት ከነበረበት ላይ አንዲት አሮጊት መጥታ የተቀመጠች ያህል ነበር። እቴቴ ዓይኗን ጨፍና አፏን ከፈተች።

አፍ ለሐኪም እንደ ተለቀቀ ቤት ነው፤ ማን መቼ እንደወጣ ግድግዳው ይናገራል። ሐኪሟ ጎንበስ ብላ፣ ጣቷን በጓንት ሸፍና ድዱን ዳሰሰች። ቁስል የለም፣ ቀይ ነገር የለም። የተነቀለ ጥርስ ቦታ በሳምንታት ውስጥ ይገጥማል፣ ከዚያ ከሥሩ ያለው አጥንት ቀስ እያለ መሟሟት ይጀምራል፤ ቶሎ የሚሆን ነገር አይደለም፣ ጊዜውን ይወስዳል። ከፊት ያለው ድድ ለስልሶ ክብ ሆኗል። ወደ ኋላ፣ ከታች በግራና በቀኝ አራት መንጋጋዎች የነበሩበት ቦታ ደግሞ ጣቷ እንደ ደረቀ ቦይ ወደ ውስጥ ወረደ። መንጋጋዎቹ ናቸው ቀድመው የሄዱት። ከዚያ ሌሎቹ። የመጨረሻው ከተነቀለ እንኳ ዓመት አልፎታል። አሉ ትኩስ ወሬ ብላ ያወራችው ነገር ዓመት የሞላው ነበር። በዚያ ዓመት ውስጥ ሐኪሟ እዚህ ቤት መጥታለች፣ እዚህ ወንበር ላይ ተቀምጣለች፣ ሾርባ በልታለች፣ ፎቶ ተነሥታለች። በመንገድ ያየችውን ሁሉ አፍ ስትመረምር የዋለች ሴት ይህን አፍ አላየችውም።

«መቼ ነው?» አለች።

«ዝም ትያለሽ አልተባባልንም?»

«ለምን ወደ እኔ አልመጣሽም እቴቴ?»

እቴቴ አፏን ዘጋች። «ሆድ ይፍጀው» አለች፣ ሻርፗን እያነሳች።

ሐኪሟ አልተወችም። ሥራ የያዘ እጅ አያለቅስም ብላ ዱቄቱን በጎማው ሳህን ጨመረች፣ ውሃ አፈሰሰች፣ በማማሰያው ከሳህኑ ግድግዳ ጋር እያሸች ፈጥና በጠበጠችው። ሮዝ ሆነ፣ እርጎ መሰለ፣ የናና ሽታው ክፍሉን ሞላው። ትሪው ላይ አንስታ ዞረች። «በይ፣ ክፈቺ።» እቴቴ አልከፈተችም። ዓይኗ ተጨፍኗል፤ ሁለት እጆቿ የወንበሩን መደገፊያ ጨምድደው ይዘዋል። ሐኪሟ ይህን አያያዝ የት እንዳየችው ወዲያው ትዝ አላት፣ ትዝ ሲላትም ልቧ ሞቀ።

ተማሪ ሳለች ነው። በመጨረሻው ዓመት እያንዳንዱ ተማሪ ታካሚውን ራሱ ፈልጎ ማምጣት ነበረበት፤ የተመደበለትን ያህል መንቀል፣ የተመደበለትን ያህል መሙላት፣ የተመደበለትን ያህል ነርቭ መግደል ካልሠራ አይመረቅም። ዘመድ ያለው ዘመዱን ያመጣል፣ ሀብታም ዘበኛውን ያመጣል። እሷ እቴቴን አመጣች። እቴቴ ከሥራ ፈቃድ እየወሰደች፣ በአውቶቡስ እየመጣች፣ መምህሩ ዞሮ ደርሶ እስኪፈርምላት ድረስ ቀኑን ሙሉ አፏን ከፍታ ትውል ነበር። መንጋጋዎቿ ትንሽ ጠቆር ማለታቸው እንጂ አመመኝ ብላ አታውቅም፤ የመጡት ለመሙላት ነበር። በአንደኛው ላይ መሰርሰሪያው ትንሽ ጠለቀና ነገሩ ነርቭ መግደል ሆነ፤ ነርቭ መግደል ደግሞ ሐኪሟ ከተመደበላት የጎደላት ነገር ስለነበር ማንም አልከፋውም። አንዱ መንጋጋ ቀስ እያለ አራት ሆነ። ጓደኞቿ በእቴቴ ይቀኑ ነበር፤ «እንዲህ ያለ ታካሚ ከየት ይገኛል?» ይሉ ነበር። ሐኪሟ ስለ እቴቴ ውለታ ስታስብ ከሁሉ ቀድሞ የሚመጣላት ይህ ነው፣ ስታወራውም ዓይኗ እንባ ያቀርራል።

«ያኔ ቀኑን ሙሉ ስትከፍቺልኝ የነበርሽ ሴትዮ» አለች በለሆሳስ፣ በፍቅር፣ «ዛሬ ለአንድ ደቂቃ ትከለክይኛለሽ?»

እቴቴ ዓይኗን ገለጠች።

«ያኔ ጥርስ ነበረኝ» አለች።

በመጋረጃው ማዶ የስፌት መኪናው ቆመ። ሐኪሟ ትሪውን እንደያዘች ቆይታ ስታየው ልኩ ያለ አፍ ረግቷል፤ ትሪው ላይ ሮዝ ጎማ ሆኖ ቀርቷል። በጣቷ ገፍታ አወጣችውና ሁለተኛውን እሽግ ቀደደች። እንደገና በጠበጠች፣ እንደገና ዞረች። እቴቴ በዚህ ጊዜ ዓይኗን እንኳ አልጨፈነችም። ሻርፗን አፏ ላይ አድርጋ፣ በመስኮቱ የጎረቤቱን የውሃ ጋን እያየች ተቀመጠች፤ ሁለተኛውም በሳህኑ ውስጥ ረጋ። ሌላ ዱቄት አልነበረም። ጄሶው ሳይከፈት ወደ ቦርሳው ተመለሰ።

የመጨረሻው አውቶቡስ ሳያመልጣት መሄድ ነበረባት። እቴቴ እስከ በሩ ሸኘቻት፣ ከቁም ሳጥኑ ያወጣችውን ሹራብ ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገችላት። ሹራቡ የእቴቴ ነው፣ በሌሊት ፈረቃ ትለብሰው የነበረ። «እዚያ ይበርዳል» አለች። ሐኪሟ አንገቷን አቅፋ «አመሰግናለሁ እቴቴ፣ ለሁሉም ነገር አመሰግናለሁ» አለች። እቴቴ ፊቷን አዞረች። «ስትደርሺ ለልጄ ደውዪላት» አለች። «ትነግረኛለች።»

መርፌ ቦርሳውን ይዛ ወደ አውቶቡስ ተራ አብራት ሄደች። መንገዱ እየተቆፈረ ስለነበር አንዷ ከፊት አንዷ ከኋላ ሆነው ነው የሚሄዱት፤ ይህም ለዝምታቸው ምክንያት ሆነላቸው። ተራው ውስጥ ሲደርሱ አውቶቡሱ ሞተሩን አስነሥቶ ሰው እየጠበቀ ነው። ሐኪሟ ቀኑን ሙሉ የዋጠችው ነገር እዚያ ገነፈለባት። መቆጣት የምትችለው ሰው ፈለገች፣ አገኘችም።

«የትኛው ጅል ነው የነቀላት?» አለች። «ሥጋ ቆራጭ እንኳ እንዲህ አያደርግም። ሰው ዝም ብሎ አፍ ሙሉ ጥርስ ይነቅላል? ስሙን ንገሪኝ፣ ከመሄዴ በፊት ፈቃዱን ነው የማስነጥቀው።»

«ሰውየውን ተዪው» አለች መርፌ።

«ምኑን ነው የምተወው? ለአራት መንጋጋ ብሎ—»

«ተዪው አልኩሽ እኮ።» መርፌ ቦርሳውን መሬት አስቀመጠች። እንደ ወትሮዋ አልነበረም አነጋገሯ፤ ምላሷ ላይ እሾህ አልነበረም፣ ደክሟት ነበር። «በተመረቅሽ በዓመቱ ነው ያበጠው። መጀመሪያ አንዱ፣ ከዚያ አራቱም፣ አንቺ የሠራሻቸው። በጨው ውሃ እየተጉመጠመጠች፣ ግድግዳ ይዛ እየተመላለሰች ነው ያሳለፈችው። ‹ለእሷ እንንገራት› ስላት ‹ከነገርሻት ልጄ አይደለሽም› አለችኝ። ሌላ ሐኪም ጋ እንሂድ ስላትም እምቢ አለች፤ ያያል ብላ ነው። ሰፈሩን ሙሉ ‹ልጄ ሐኪም ናት› ስትል ኖራ፣ የልጅሽ እጅ ነው ይህን ያደረገው መባልን ፈራች። መግሉ አጥንቷ ገብቶ ሌሎቹን እስኪነቀንቃቸው ጠበቀች። ሰውየው ራጅ አነሳትና ‹ቀድመው ቢመጡ አራቱ ብቻ ይበቁ ነበር› አላት።»

የአውቶቡሱ ረዳት በሩን እየደበደበ «ሂያጅ፣ ሂያጅ» አለ። ሐኪሟ አንድ እግሯ ከደረጃው ላይ ነበር። የኋላው ሰው ገፋት፣ ወጣች፣ በመስኮቱ በኩል ወደ መርፌ ጎንበስ አለች።

«ምን አለችው?» አለች።

«ሰውየው በጣም ነው የተናደደው» አለች መርፌ ከታች ሆና፣ ከሞተሩ ድምፅ በላይ። «አንቺ አሁን እንዳልሽው ነው ያለው፤ እንዲህ የሚሠራ ሰው ሌላ አፍ እንዳያበላሽ መከሰስ አለበት፣ ማን እንደሆነ ይንገሩኝ አላት። እሷም ‹ሴት ልጅ ነበረች፤ ሞታለች› አለችው።»